ዋግና ዘር በአርሲ ደጋ፤ ስለ ነባር የእርሻ ዕውቀትና ስለ ዘመናዊ ሳይንስ መተባበር

አሰላ በጭላሎ ተራራ ምዕራባዊ ግርጌ የተቈረቈረች ከተማ ናት። ከተራራው ራስ እስከ ዝዋይ ሐይቅ ሜዳ ድረስ የሚወርደው አገር በአጭር ርቀት ውስጥ ልዩ ልዩ የአየር ጠባይ ይታይበታል። ከባሕር ወለል በላይ 4,000 ሜትር በሚያልፈው በጭላሎ ራስ ላይ አስታና ሣር እንጂ እህል አይበቅልም። ከዚያ ዝቅ ሲል የገብስ አገር ነው፤ ከገብሱ በታች ስንዴ፥ ባቄላ፥ አተርና ተልባ ይዘራሉ፤ ወደ ስምጥ ሸለቆው ሲወረድም ጤፍና በቆሎ ይተካሉ። ይህ ደጋ ከባሌ ደጋ ጋራ ሆኖ በኢትዮጵያ ካሉት ዋና ዋና የስንዴ አገሮች አንዱ ነው።

ስንዴው በሰፋ መጠን ግን አንድ የቈየ ጠላት አብሮት ሰፍቷል። ይኸውም የአማርኛ ተናጋሪው ገበሬ ከጥንት ጀምሮ «ዋግ» ብሎ የሚጠራው በሽታ ነው። ከ1970ዎቹ ወዲህ በአርሲና በአካባቢው ምድሩን ሸፍነው የነበሩ የስንዴ ዐይነቶች አንዱ ከሌላው በኋላ በዋግ ተመትተው ከማሳ ወጥተዋል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ ለምን እንደ ደረሰ፥ የአገሩ ነባር የእርሻ ልማድ በዚህ ረገድ ምን ያውቅ እንደ ነበረና ምን እንዳላወቀ፥ ዘመናዊውም ሳይንስ ምን እንዳመጣና ምን እንዳስቀረ ማስረዳት ነው። በጽሑፉ ውስጥ የተነገሩት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ነባሩ እርሻ

የአርሲ ኦሮሞ በቀድሞ ዘመን ከሁሉ አስቀድሞ ከብት አርቢ ነበር፤ ሀብቱም ክብሩም በከብቱ ይቈጠር ነበር። ይሁን እንጂ በደጋው ገብስ ከከብት ርባታው ጋራ ተያይዞ የኖረ እህል ነው። ለዚህም ማስረጃ ከአርሲ ምግቦች ሁሉ የታወቀው ጩኮ ይበቃል። ጩኮ ተቈልቶ የተፈጨ የገብስ ዱቄት በተነጠረ ቅቤ የሚታሸበት ምግብ ሲሆን፥ ለተከበረ እንግዳ ይቀርባል፤ ሳይበላሽ ስለሚቈይም ለመንገደኛ ስንቅ ይሆናል። የላሙና የእርሻው ሀብት በአንድ ሳሕን ላይ የሚገናኙበት ምግብ ነው ማለት ይቻላል። የገብሱ ጭድም በተራው ለከብቱ መኖ ይሆናል፤ የከብቱ ፋንድያም መሬቱን ያዳብራል።

የገብስ ዘር ለአንድ ሙያ ብቻ የሚመረጥ አይደለም። ፈጥኖ የሚደርሰው ገብስ ጐተራ በሚጐድልበት ወራት ቤተ ሰቡን ይደግፋል፤ ዘግይቶ የሚደርሰው ብዙ ፍሬና ብዙ ጭድ ይሰጣል። አንዱ ለቆሎ፥ ሌላው ለገንፎ፥ ሌላው ለእንጀራ ይሻላል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የዕፅዋት ሊቅ የሆኑት ዘመደ አስፋው በ1990 በታተመው ጥናታቸው የመካከለኛው ኢትዮጵያ ደጋ ገበሬዎች የገብስን ዐይነቶች በዛላው ቅርጽ፥ በፍሬው ቀለም፥ በመድረሻው ጊዜና በሚሰጠው ምግብ እየለዩ ስም እንደሚሰጧቸው በሰፊው ገልጠዋል። «ሰነፍ ቆሎ» የሚባለው ገብስ ለምሳሌ ገለባው ሲቈላ በቀላሉ የሚለቅ በመሆኑ ስሙ ራሱ ሙያውን ይናገራል።

በአንድ ስም የሚጠራው ነባር ዘር እንኳ ሲመረመር አንድ ወጥ ሆኖ አይገኝም። በአንድ ማሳ ውስጥ ረጅምና አጭር፥ ቀደም ብሎ የሚያፈራና የሚዘገይ፥ ነጭና ጥቁር ፍሬ ያለው በአንድነት ይቆማል። በአንዳንድ አገርም ድብልቁ ከዚህ ያልፋል። በትግራይና በኤርትራ ደጋ ገብስና ስንዴ ባንድነት ተዘርተው ባንድነት ይታጨዳሉ፤ ይህም «ሐንፈጽ» ይባላል። ዝናሙ ቢያጥር ገብሱ ይደርሳል፤ ዝናሙ ቢረዝም ስንዴውም ያፈራል። ሁለቱም ሲሰምሩ ዱቄቱ ተደባልቆ ይበላል። ወልደአምላክ አርአያ በ2001 በሆላንድ አገር በዋኼኒንገን ዩኒቨርሲቲ ባቀረቡት ጥናት፥ እንዲህ ያለው ድብልቅ ሁለቱ ለየብቻቸው ቢዘሩ ከሚጠበቀው የበለጠና ከዓመት ዓመት የማይዋዥቅ ምርት እንደሚሰጥ በልኬት አሳይተዋል።

ይህ ሁሉ ዕውቀት በመጽሐፍ የተጻፈ ሳይሆን በምርጫ የሚገለጥ ዕውቀት ነው። ገበሬው ከሁሉ የሚበልጠውን ምርት አይፈልግም ማለት አይደለም፤ ነገር ግን ከዚያ በፊት ምንም የማይገኝበት ዓመት እንዳይመጣበት ይጠነቀቃል። የዘሩ ዐይነት መብዛት የዚህ ጥንቃቄ ሥራ ነው።

ካዱና ምርጥ ዘር

በ1967 በኢትዮጵያና በስዊድን መንግሥታት መካከል በተደረገ ስምምነት በጭላሎ አውራጃ የእርሻ ልማት ድርጅት ተቋቋመ፤ መቀመጫው አሰላ ሆነ። ይህ ድርጅት በእንግሊዝኛ ስሙ አሕጽሮት «ካዱ» እየተባለ ይታወቃል። በ1970ዎቹ አጋማሽ መላውን የአርሲን ክፍለ አገር እንዲያጠቃልል ሲደረግ ስሙ «አርዱ» ተባለ። ከአሰላ በስተ ሰሜን ያለው የቁሉምሳ የምርምር ጣቢያ የዚህ ሥራ ዋና መሠረት ሲሆን፥ ኋላ የአገሪቱን የስንዴ ምርምር የሚያስተባብር ማእከል ለመሆን በቅቷል።

ካዱ ለአነስተኛ ገበሬዎች ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ በብድር ያከፋፍል፥ መንገድ ያሠራ፥ ገበያም ያመቻች ነበር። የስንዴው ምርት በእርግጥ ጨመረ። ነገር ግን ትርፉ በታየ ጊዜ ብዙ ባለ መሬቶች ትራክተር ገዝተው ራሳቸው ማረስ ስለ ጀመሩ፥ ጭሰኞች ከያዙት መሬት ተነቀሉ። አሜሪካዊው ሊቅ ጆን ኮኸን በ1970ዎቹ ባሳተሟቸው ጥናቶች ይህን በዝርዝር አሳይተዋል። የጭሰኝነት ሥርዐት በሕግ የቀረው በ1975 በወጣው የገጠር መሬት ዐዋጅ ነው። ከዚያም በኋላ የመንግሥት እርሻዎችና የአምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራት በሰፊ ማሳ ላይ ስንዴን ማልማት ቀጠሉ።

ከዚህ ታሪክ ለዚህ ጽሑፍ የሚያስፈልገው አንድ ነገር ነው። ገብስ በአርሲ ደጋ ሲኖር ከነዐይነቱ፥ ከነስሙና ከነልማዱ የኖረ እህል ነው። የዳቦ ስንዴ ግን በዚህ ደጋ በሰፊው የተሠራጨው በሃያኛው ምእት ዓመት ሲሆን፥ የመጣውም በአብዛኛው ከምርምር ጣቢያ በወጣ ወጥ ዘር ነው። ማሳው ሰፋ፤ በማሳው ውስጥ ያለው የዘር ልዩነት ግን ጠበበ። ገበሬው ለገብሱ የነበረውን ጥንቃቄ በስንዴው ላይ የሚያሳይበት መንገድ አልተተወለትም።

አምስት ውድቀቶች

ዋግ የሚባለው በሽታ በሳይንስ ዐይን ሲታይ የፈንገስ ሥራ ነው። ስንዴን የሚያጠቁት ሦስት ናቸው፤ እነርሱም ግንድ ዋግ፥ ቢጫ ዋግና ቅጠል ዋግ ይባላሉ። ፈንገሱ እንደ ዱቄት የደቀቁ እጅግ ብዙ ስፖሮች ያወጣል። ነፋስ እነዚህን ስፖሮች ከማሳ ወደ ማሳ፥ ከአገርም ወደ አገር ያደርሳቸዋል። ስፖሩ በቅጠል ወይም በአገዳ ላይ ሲያርፍ ለመብቀል ጥቂት ሰዓት እርጥበት ይበቃዋል። ቢጫ ዋግ ብርድ ያለበትን ደጋ ይወዳል፤ ግንድ ዋግ ሞቅ ያለ አየር ይስማማዋል። የአርሲና የባሌ ደጋ በዓመት ውስጥ የበልግና የመኸር አዝመራ ስላላቸው፥ በአንዱ ወቅት የተራባው ዋግ በሌላው ወቅት የሚያርፍበት ለምለም ስንዴ አያጣም።

አሜሪካዊው ሊቅ ፍሎር በ1940ዎቹ በተልባ ዋግ ላይ ባደረጉት ምርምር የመቋቋምን ምስጢር ገለጡ። በእህሉ ውስጥ ላለው ለእያንዳንዱ የመቋቋሚያ ጂን በፈንገሱ ውስጥ የሚመጥነው ጂን አለ። እህሉ ፈንገሱን የሚያውቀው በዚያ ምልክት ነው፤ ፈንገሱ ምልክቱን በለወጠ ጊዜ ግን እህሉ ሊያውቀው አይችልም፤ በሩ ይከፈትለታል። ስለዚህ በሰፊ አገር ላይ አንድ ዐይነት ስንዴ በአንድ ጂን ተማምኖ ቢዘራ፥ ከሚሊዮን ስፖሮች መካከል የተለወጠው አንዱ ያን ሁሉ ማሳ ያገኛል።

የኢትዮጵያ የስንዴ ታሪክ ይህን ደጋግሞ አሳይቷል። «ላቀች» የተባለው ስንዴ በ1977 በቢጫ ዋግ ተመታ። «ዳሽን» በ1988 በቢጫ ዋግ ወደቀ። ብዙ ዘመን የተወደደው «እንቆይ» በ1993 እና በ1994 በግንድ ዋግ ጠፋ። በስፋት ተዘርተው የነበሩት «ኩብሳ»ና «ጋላማ» በ2010 በተነሣው የቢጫ ዋግ ወረርሽኝ ተመቱ፤ ጕዳቱም በአገሪቱ በመቶ ሺህ በሚቈጠር ሄክታር ላይ ደረሰ። ከዚህ በኋላ ገበሬዎች ቢጫ ዋግን ወደሚቋቋመው ወደ «ድገሉ» ዞሩ። በ2013 እና በ2014 ግን ከዚያ በፊት በአገሩ ያልታወቀ የግንድ ዋግ ዘር በባሌና በአርሲ ተነሥቶ ድገሉን አጠፋው፤ ብዙ ማሳዎችም ያለ አንዳች ፍሬ ቀሩ። ይህ የግንድ ዋግ ዘር በ1998 በኡጋንዳ ተገኝቶ በ2003 ኢትዮጵያ ከገባውና በዓለም ከታወቀው «ዩጂ 99» የተለየ ነበር። ድገሉ የአርሲ ቦታ ስም ነው፤ ጋላማም የአርሲ ተራራ ስም ነው። ዘሩ የአገሩን ስም ይዞ ነበር፤ የአገሩን የዘር ልዩነት ግን አልያዘም ነበር።

ሁለቱ ዕውቀቶች የሚያዩትና የማያዩት

በዚህ ስፍራ የነባሩን ዕውቀትና የሳይንስን ድርሻ ለይቶ መመዘን ያስፈልጋል። ምክንያቱም ገበሬውን በሁሉ ነገር ዐዋቂ ማድረግም ሆነ አላዋቂ ማድረግ ነገሩን ያበላሻል።

በብዙ የደጋ አገር ዋግ ከጉም፥ ከጤዛና ከብርድ ጋራ ተያይዞ ይታያል። ይህ አስተያየት የዋግን ሁኔታ በትክክል ያያል፤ ምክንያቱን ግን አያይም። ጉሙ ስፖሩ እንዲበቅል ያደርጋል እንጂ ስፖሩን አይፈጥርም። ስፖሩ ከሩቅ አገር በነፋስ መምጣቱን፥ ከአንድ ወራት በፊት በሌላ አውራጃ መታየቱን፥ የትናንቱ ዋግና የዛሬው ዋግ ጠባያቸው ልዩ መሆኑን በዐይን ብቻ ማወቅ አይቻልም። በዚህ ረገድ የማጕያ መሣሪያና የላቦራቶሪ ሥራ የሚተካቸው የለም።

ስለ እህል ማፈራረቅም እንደዚሁ ነው። ባቄላ ከተዘራበት በኋላ የተዘራ ስንዴ እንደሚያምር የደጋ ገበሬ ከጥንት ያውቃል። በ1990ዎቹ በቁሉምሳ የተደረገው የረጅም ጊዜ ሙከራም ይህን አጽንቶታል፤ ምክንያቱንም የባቄላ ሥር ከአየር በሚይዘው ናይትሮጅን አስረድቷል። ይሁን እንጂ ማፈራረቅ በነፋስ የሚመጣውን ዋግ አያግድም። መልካም ልማድ ለሁሉ ደዌ መድኀኒት ነው ማለት አይደለም።

በዘር ልዩነት ረገድ ግን ሳይንስ ዘግይቶ የደረሰው ገበሬው ወደ ነበረበት ስፍራ ነው። ልዩ ልዩ ዘር በተቀላቀለበት ማሳ ውስጥ ከአንዱ ተክል የወጣው ስፖር ብዙ ጊዜ በማይመቸው ጎረቤት ላይ አርፎ ይሞታል፤ በሽታውም ሲተላለፍ ይዘገያል። ስንዴ ከገብስ ጋራ ሲሆን ደግሞ የስንዴው ቢጫ ዋግ ገብሱን እንደ ስንዴው ስለማያጠቃው ገብሱ በመካከል እንደ አጥር ይሆናል። በቻይና በዩናን ክፍለ አገር ዡ ዮውዮንግና ባልደረቦቻቸው በ2000 ያሳተሙት ጥናት ለዚህ የታወቀ ምስክር ነው። በበሽታ የሚጠቃው የሩዝ ዐይነት ከሚቋቋመው ጋራ ተቀላቅሎ ሲተከል፥ ብቻውን ከተተከለው ይልቅ ምርቱ 89 በመቶ በለጠ፤ የበሽታው ክብደትም በ94 በመቶ ቀነሰ።

ዳሩ ግን ሁሉም ድብልቅ መከላከያ አይሆንም። በድብልቁ ውስጥ ያሉት ሁሉ በአንድ ዋግ የሚጠቁ ከሆነ መቀላቀላቸው ብዙም አይረዳም። ከነባሮቹ የኢትዮጵያ ስንዴዎች መካከልም በግንድ ዋግ የሚጠቁ ብዙ ናቸው፤ ቁመታቸውም ረጅም ስለ ሆነ ማዳበሪያ ሲበዛላቸው ይጋሽባሉ። የትኛው ዘር የትኛውን ዋግ እንደሚቋቋም መለየት የሳይንስ ሥራ ነው። ዘሮቹ በአንድ ቀን የሚደርሱ፥ ባንድነት የሚፈጩና ተደባልቀው የሚበሉ መሆናቸውን የሚያውቀው ግን ገበሬውና የቤቱ እመቤት ናቸው።

የተገናኙባቸው ስፍራዎች

የሁለቱ ግንኙነት መጀመሪያ አንድ ወገን የሚያደላ ነበር። ሩሲያዊው ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎቭ በ1927 ወደ ኢትዮጵያ መጥተው ብዙ ዘር ሰብስበው ሄዱ፤ ኢትዮጵያንም ከዓለም ዋና ዋና የእህል መገኛዎች አንዷ አድርገው ቈጠሯት። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ በካሊፎርኒያ ገብስን አቢጭቶ የሚያቀጭጭ ቫይረስ በተነሣ ጊዜ፥ ከዓለም ከተሰበሰበው ገብስ መካከል የመቋቋሚያው ጂን በይበልጥ የተገኘው በኢትዮጵያ ገብስ ውስጥ ነበር። የአሜሪካ ገበሬ ከኢትዮጵያ ገበሬ ምርጫ ተጠቀመ። ምርጫውን ለትውልድ ሲያቈዩ የኖሩት ሰዎች ግን በሥራው አልተካፈሉም።

ይህን ለማቃናት በ1976 በጀርመን መንግሥት ርዳታ በአዲስ አበባ የዕፅዋት ዘር ማእከል ተቋቋመ፤ ዛሬ የኢትዮጵያ ብዝኀ ሕይወት ኢንስቲትዩት የሚባለው መሥሪያ ቤት ከዚህ የተነሣ ነው። ማእከሉን ለብዙ ዓመታት የመሩት ዶክተር መላኩ ወረደ ዘሩ በቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ መቀመጡ ብቻ እንደማይበቃ ተረዱ። በማቀዝቀዣ ውስጥ ያለ ዘር አይሞትም፤ ከአየሩና ከዋጉ መለወጥ ጋራ ግን አይለወጥም። ስለዚህ በ1980ዎቹ ድርቅ ጊዜና ከዚያ በኋላ በሸዋና በወሎ ከገበሬዎች ጋራ ሆነው ነባሩ ዘር በማሳው ላይ እየተመረጠ እንዲቈይ አደረጉ። በ1989 «የቀና ኑሮ ሽልማት» የተሰጣቸው ስለዚህ ሥራ ነው።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስተምረው ግን በሰሜን ወሎ በመቄት ወረዳ በገረገራና በትግራይ በሐገረ ሰላም የተደረገውና በ2017 የታተመው ጥናት ነው። በእያንዳንዱ ቦታ 30 ገበሬዎች፥ ወንዶችም ሴቶችም፥ 400 የስንዴ ዐይነቶችን እየዞሩ ተመለከቱ፤ አብዛኞቹም ነባር ዘሮች ነበሩ። ስለ መድረሻቸው፥ ስለ ዛላቸው፥ ስለ ግንጣያቸውና ስለ ጠቅላላ ጥራታቸው ለእያንዳንዳቸው ነጥብ ሰጡ። የተሰጠው ነጥብ በጠቅላላው 192,000 ሆነ። በዚያው ጊዜ ተመራማሪዎቹ ዐሥር የሚለኩ ጠባዮችን በመሣሪያ ለኩ። ሁለቱ ሲነጻጸሩ የገበሬዎቹ አስተያየት ከልኬቱ ጋራ በከፊል ተስማማ፤ በከፊል ግን ልኬቱ ሊገልጠው ያልቻለ ሆኖ ተገኘ። የሴቶቹና የወንዶቹ፥ የአንዱ አገርና የሌላው አገር ምርጫም ልዩ ነበር።

የዚህ ጥናት ፍሬ ነገር ይህ ነው፤ ልኬቱ ሊገልጠው ያልቻለው ክፍል እንደ ስሕተት አልተጣለም፤ ራሱን የቻለ ዕውቀት ሆኖ ተቈጠረ። መተባበር ማለትም ይኸው ነው። ገበሬው የምርምሩ ውጤት ካለቀ በኋላ አስተያየት እንዲሰጥ መጥራት መተባበር አይደለም፤ ሁለቱም አንዱን ማሳ በየዐይናቸው አይተው፥ ያዩት በማይገጥምበት ስፍራ ሁለቱም እንደ ገና ሊመረምሩ ይገባል።

በአርሲና በባሌ እንዲህ ያለው መደጋገፍ በሌላ መልክ ተጀምሯል። የኢትዮጵያ የግብርና ምርምር ኢንስቲትዩት ከውጭ አገር ሊቃውንት ጋራ ሆኖ ባቋቋመውና ሥራው በ2019 በታተመ ጽሑፍ በተገለጠው የዋግ ማስጠንቀቂያ ዘዴ፥ በየማሳው የታየው በሽታና የነፋሱ አካሄድ ተሰልቶ ዋጉ ወደየት እንደሚያመራ አስቀድሞ ይነገራል፤ ማስጠንቀቂያውም በተንቀሳቃሽ ስልክ ለግብርና ሠራተኞችና ለገበሬዎች ይደርሳል። ነፋሱን የሚያሰላው መሣሪያ ነው፤ የመጀመሪያውን ቢጫ ነጥብ በቅጠሉ ላይ የሚያየው ግን በማሳው አጠገብ ያለ ሰው ነው።

ቀሪው ሥራ

በአርሲ ደጋ የዘር ልዩነትን መመለስ ቀላል አይደለም። ኮምባይነር በአንድ ቀን የደረሰ፥ በአንድ ቁመት የቆመ ስንዴ ይፈልጋል። የዱቄት ፋብሪካው ወጥ የሆነ ስንዴ ይገዛል። በ1984 ሥራ የጀመረው የአሰላ ብቅል ፋብሪካም ባንድነት የሚበቅል ገብስ ይሻል፤ ብቅል ከተደባለቀ ገብስ በደኅና አይወጣምና። ስለዚህ በገብሱ አገር ሳይቀር ወጡ የብቅል ገብስ ዋጋ ያወጣል፤ ለጩኮና ለገንፎ የሚሆነው ልዩ ልዩ ገብስ ግን በገበያ ላይ ስም የለውም። ገበሬው ገንዘብ ወደሚገኝበት ቢያዘነብል አይፈረድበትም።

ይህ ሆኖ ሳለ የሚቻሉ ነገሮች አሉ። በአንድ ቀን የሚደርሱና ዋግን በልዩ ልዩ ጂን የሚቋቋሙ ስንዴዎችን መርጦ ቀላቅሎ መዝራት ከኮምባይነሩ ጋራ አይጣላም። በአንድ ቀበሌ ሁሉም አንድ ዐይነት ስንዴ እንዳይዘሩ ማከፋፈልም የዋጉን ጕዞ ያዘገያል። ነባሩን ገብስና በአርሲና በባሌ ለቂንጬና ለገንፎ የሚዘራውን አጃ በከፍታው አገር እየዘሩ ማቈየት ደግሞ ለሚመጣው ዋግ የሚሆን መጠባበቂያ ይሰጣል።

በዚህ ሥራ ውስጥ የባህል ጥናት ድርሻ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ዘር ሰብሳቢ አንድ እፍኝ ገብስ ወስዶ የቦታውን ከፍታና ቀኑን ይጽፋል። ገበሬዋ በኦሮምኛ የምትጠራበትን ስም፥ ለምን ምግብ እንደምትመርጠው፥ ከየትኛው ጋራ እንደምትቀላቅለውና ከየትኛው እንደምትለየው ካልጻፈ ግን የወሰደው የዕውቀቱን እኩሌታ ብቻ ነው። ዘሩ በማቀዝቀዣ ውስጥ መቶ ዓመት ሊኖር ይችላል፤ ስሙንና ሙያውን የምታውቀው ሴት ግን መቶ ዓመት አትጠብቅም። ስለዚህ በጭላሎ፥ በጋላማና በካካ ተራሮች ሥር ያለው የገብስ፥ የአጃና የስንዴ ዘር ሲሰበሰብ፥ ቃሉም ከዘሩ ጋራ በአንድ መዝገብ ላይ መጻፍ ይገባዋል።